ሞተር ወይስ ጋዝ፦ የሙፊዳ የክረምት ማስታወሻ

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር የተገዛው ለደም ግፊት ነው። ዶክተር ጸደንያ «የኢስማኢልን ግፊት ጠዋት ጠዋት እየለካሽ መዝግቢ፤ በቃል አልቀበልም» ስላለችኝ ሀይሌ ጋርመንት ከሚገኘው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ባለ መቶ ገጹን ገዛሁ። አንድ ቁጥር ብቻ ጽፎ ሙሉውን ገጽ ባዶ መተው ግን አሳዘነኝ። ስለዚህ የተረፈው ቦታ የእኔ ነው። ዶክተሯ ካነበበችው ታንብበው።

የዛሬው ግፊት፦ 138/88።

ከቡታጅራ ስመለስ ሽማግሌው አለም ገና ላይ ክፉኛ አጨሰ። ሽማግሌው የምለው መኪናውን ነው። ባሌንም አንዳንዴ ሽማግሌው እለዋለሁ፤ እሱ ግን አያጨስም። ላንድክሩዘሩ ኢስማኢል የመንገድ ቀያሾችን ይዞ ሃያ ዓመት አገር ያዳረሰበት ነው። መሥሪያ ቤቱ በሐራጅ ሲሸጠው ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ብሎ የሰርጌን ወርቅ አሸጠኝና ገዛው። ካለፈው ዓመት ሚያዝያ ወዲህ ግን፣ ስትሮኩ ግራ እጁንና ግራ እግሩን ከያዘው ጀምሮ፣ የምነዳው እኔ ነኝ። በአርባ ስድስት ዓመቴ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። በየማክሰኞው ከቡታጅራ ቅቤ፣ ቆጮና በርበሬ እያመጣሁ ለሀና ማርያምና ለለቡ ሱቆች አከፋፍላለሁ። የምንበላው ከዚሁ ነው።

ኢስማኢል ጋቢና ተቀምጦ አብሮኝ ይሄዳል። ጭሱን በስፔኪዮ አይቶ መስኮቱን ዘጋ።

ሰኔ 18

135/86። ዝናብ። ሽማግሌው በብርዱ አልነሳም አለ። ኢስማኢል ከቤት መስኮት «ነዳጅ አትስጪው! አትስጪው፣ ይታፈናል!» እያለ ጮኸብኝ። አልሰጠሁትም።

ሰጥቻለሁ። ትንሽ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ። ሰልፍ ላይ ሆኜ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነኝ፤ አሁን አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ከፊቴ ያሉትን መኪኖች ስቆጥር ቆይቼ ሠላሳ ሰባት ላይ ተውኩት። ሽማግሌው በተነሳ ቁጥር ስለሚጠጣ ሞተሩን አጥፍቼዋለሁ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላዬ ያሉት የታክሲ ሹፌሮች ወርደው ይገፉኛል። አንዱ «ማዘር፣ ይሄን ከምታጠጪ ላም ብትገዢ አይሻልም? እሷ እንኳ ጠጥታ ወተት ትሰጥሻለች» አለኝ። ሳቅኩ። ምን ላድርግ።

ሌላኛው ግን ቁም ነገር ነገረኝ። የእሱ መኪና በጋዝ እንዲሄድ ተደርጓል። ያው ወጥ የምንሠራበት ዓይነት ጋዝ ነው፤ ሲሊንደሩ ከኋላ ይታሰራል፣ ሞተሩ አይቀየርም። ጋዙ ሲያልቅ አንድ ማብሪያ ተጭኖ ወደ ቤንዚን ይመለሳል። ወጪው ከግማሽ በታች ሆነልኝ አለ። «ታዲያ አንተ እዚህ ሰልፍ ላይ ምን ትሠራለህ?» ብለው «ለመጠባበቂያ ነው። ደግሞ ሰልፉ ይናፍቀኛል» ብሎ ቀለደብኝ። ለቡ የሚሠራ ሮበሌ የሚባል ባለሙያ አለ ብሎ ስልኩን ጻፈልኝ።

ይሄ ነገር መልስ ሊሆን ይችላል። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

ሰኔ 22፣ እሁድ ማታ

142/90።

ሃሩን ምሳ መጣ። ሃሩን የኢስማኢል የወጣትነት ጓደኛ ነው፤ ላፍቶ ጋራዥ አለው፣ ሽማግሌውንም ሲጠግን የኖረው እሱ ነው። የጋዙን ነገር ሳነሳ ኢስማኢል ጉርሻውን ሳይጨርስ «ጋዝ አይሆንም። ሞተሩ ይቀየር» አለ።

«ለምን?»

«አርጅቷል።»

ሃሩን ቀጠለ፦ ከተጋጨ መኪና የወጣ የናፍጣ ሞተር አግኝቷል፤ ከነማርሽ ሳጥኑ፣ ከነካምቢዮው፣ ሙሉ ዕቃ። ለሽማግሌው ልክ ነው። ይሄን ሲናገር ሁለቱም ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ቀድመው ተነጋግረውበታል ማለት ነው። እኔ ሳልሰማ!

ክርክር ከሆነ ደግሞ እኔን የሚችለኝ የለም። ናፍጣም ሰልፍ አለው አልኩ። የሞተር ቁጥር ሲቀየር ሊብሬው መቀየር አለበት፤ ከቢሮ ቢሮ የምመላለሰው እኔ ነኝ። ጋራዥ ወር ሲቀመጥ ደንበኞቼን ማን ይይዝልኛል? ደግሞ የወጣልኝ እቁብ ወይ ለሞተሩ ወይ ለጋዙ ነው፤ ለጋዙ ይተርፋል፣ ለሞተሩ ጫፍ ላይ ነው የሚደርሰው። ኢስማኢል ለሁሉም አንድ መልስ ነው ያለው፤ አርጅቷል። በሁሉም ረታሁት። ተረትቶም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ልጃችን መርዋ ሳህን እያነሳች «መኪና ነው ወይስ ልጅ ነው የምትድሩት?» አለች። ኢስማኢል ብቻ ሳቀላት።

ሠላሳ ዓመት ሊሆነን ነው አብረን ስንኖር። ያለ ምክንያት እንዲህ ደርቆብኝ አያውቅም።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ ማታ

139/87። ደክሞኛል፣ ግን ልጻፈው።

ከአለም ገና ወዲያ ያለው መንገድ ዛሬ በዝናብ ታጥቦ ነበር። ወደ ቡኢ ሲቃረቡ አረንጓዴው ይጀምራል። ኬላው ላይ ያለው ፖሊስ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ገመዱን ያወርደዋል። «የቅቤዋ ሹፌር» ነው የሚሉኝ። ዳገቱ ላይ አንድ አይሱዙ ቀደምኩ። አይሱዙ! ሁለተኛ አስገብቼ፣ በግራ እግሬ የረገጥኩትን ፍሪሲዮን ቀስ አድርጌ ስለቀው ሽማግሌው ጉልበቱን ሰብስቦ ይወጣል፤ ሆዴ ውስጥም አንድ ነገር አብሮት ይወጣል። ያኔ ኢስማኢል ከጎኔ «ሦስተኛ! ሦስተኛ አስገቢ እንጂ ሴትዮ» ይላል። ይሄን የሚለው አስገብቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ይሄ ነው።

መንዳቱን ወድጄው አይደለም። ግዴታ ሆኖብኝ ነው። እሱ ቢሻለው ቁልፉን ነገውኑ እሰጠዋለሁ።

ሰኔ 28

137/88። የመወልወያው እንጨት ከጠፋ ሰንብቷል፤ የምትወለውለው መርዋ ስለሆነች ገና ዛሬ አየሁ። ጨርቁ አለ፣ እንጨቱ የለም። መርዋ «ተሰብሮ ጣልኩት» አለች። ያን የሚያህል እንጨት እንዴት ዝም ብሎ ይሰበራል? ተቆጣኋት። ኢስማኢል «ተያት፣ እንጨት እኮ ነው» አለ። የዚህች ልጅ ጠበቃ ሁልጊዜ እሱ ነው።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

140/88።

ለቡ ሮበሌ ጋ ሄድኩ፤ ብቻዬን። ለኢስማኢል «የበርበሬ ደንበኛ ጋ ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም፣ በርበሬም አድርሻለሁ።

ሮበሌ ሠላሳ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው፤ እጁ ንጹሕ፣ አነጋገሩም ንጹሕ። ካንዴሎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በየቀዳዳቸው የሞተሩን ግፊት ለካ፤ እኔ ኢስማኢልን በየጠዋቱ እንደምለካው። ቁጥሩንም እንደ እኔው ጻፈ። «ማዘር፣ ይሄ ሞተር ማን ነው አርጅቷል ያለሽ? የሚያጨሰው የጎማ ማሸጊያዎቹ፣ ጎሚኒዎቹ፣ ደርቀው ዘይት ስለሚያሳልፉ ነው፤ እሱን እቀይርልሻለሁ። ጋዝ ገጥሜልሽ አራት ዓመት ትነጂዋለሽ።» ቡታጅራ ጋዝ አይሞላም፤ ግን እዚህ የተሞላው ደርሶ መልስ ይበቃል።

ሲሊንደር አይፈነዳም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ስቆ የራሱን መኪና አሳየኝ፤ ሦስት ልጆቹን የሚያመላልስበት ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለግኩም።

ማታ ለኢስማኢል ሁሉንም ነገርኩት፣ የለቡውን ውሸቴንም ጭምር። ሞተሩ አላረጀም አልኩት። ሰማኝና «የሃሩንን ዕቃ አይተሽ ወስኚ» አለ። «እባክሽ» አለኝ ደግሞ። እሱ እባክሽ የሚለው ሰው አይደለም።

ሐምሌ 6፣ እሁድ

143/90።

ኢስማኢልና እኔ ሃሩን ጋራዥ ሄድን። ሞተሩ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሸራ ለብሷል። ሃሩን ሸራውን ሲገልጠው ኢስማኢል በዱላው ተደግፎ ዙሪያውን ዞረ፤ ዱላውን ከመኪናችን ፓራውልት ላይ አስደግፎ በደህናው እጁ ዳሰሰው። መርዋ ስትወለድ እንዲህ ነበር የዳሰሳት።

«ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው» አለ ሃሩን፣ ወደ እኔ ሳያይ።

«ማርሽ ያለው የለህም?»

«ማርሽ ያለውም ይገኛል። ግን ኢስማኢል ያየው ይሄንን ነው።»

«የምነዳው እኔ ነኝ እኮ! አውቶማቲክ ለጭቃ አይሆንም ይላሉ። ቡታጅራ መንገድ ላይ ቢበላሽ ማን ይሠራዋል? እጄም የለመደው ማርሽ ነው። ማርሽ ያለው ከሆነ እስማማለሁ። ካልሆነ ጋዝ።»

ሃሩን በቅባታም እጁ አንገቱን አከከና ኢስማኢልን አየው። ኢስማኢል ሞተሩን ነው የሚያየው።

«ልክ ናት» አለ ኢስማኢል። «የምትነዳው እሷ ናት።»

ቤት ስንገባ ጫማውን ሳያወልቅ «እንግዲያው ጋዙን አስገጥሚ። ማርሽ ላለው ሞተር ይሄን ሁሉ መልፋት ምን ያደርጋል» አለኝ። ሁለት ሳምንት የተጨቃጨቅንበት ነገር በዚህ አለቀ። አሸነፍኩ። ደስ ብሎኛል።

ሐምሌ 7

158/96። ጨው ነው። ትናንት አይቡ ላይ ጨው በዝቶ ነበር።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

160/98። ቡታጅራ ብቻዬን። ኢስማኢል «ወገቤን» ብሎ ቀረ። ወገቡን ታሞ አያውቅም።

መንገዱን ሙሉ ማንም ምንም አላለኝም። እንደ ፈለግኩ ነዳሁ። ቡኢ ዳገት ላይ ግን አፌ አላርፍ አለና ብቻዬን ድምፄን አውጥቼ «ሦስተኛ» አልኩ።

ሐምሌ 11፣ አርብ

159/97። ጨው ከቤት አጥፍቻለሁ፣ አሁንም አልወረደም።

ኢስማኢል ከጁምዓ ሲመለስ የሰፈር ሰዎች አጅበውት መጡ። በሩን ልከፍት ስል ሰማኋቸው። አንደኛው «ኢስማኢል፣ ሚስትህ ሹፌር፣ አንተ ረዳት ሆናችሁ አሉ። በር ላይ ቆመህ ሀይሌ ጋርመንት፣ ለቡ፣ ለቡ እያልክ መጥራት ብቻ ነው የቀረህ» አለው። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። እንዴት እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ ያ የእሱ ሳቅ አይደለም። ቆይቼ ነው በሩን የከፈትኩት።

ሐምሌ 14

155/95። ሃሩን ደወለ። ለሞተሩ ሌላ ገዢ መጥቷል። ኢስማኢል «ሽጠው፣ ሽጠው» ብሎ ስልኩን ዘጋና እስከ መግሪብ ሳሎን ቁጭ አለ። ቴሌቪዥኑም አልተከፈተም። ምን ሆንክ ስለው «ምንም»። ሁለቴ ጠየቅኩ፣ ሁለቴ ምንም።

ሐሙስ ሮበሌ ይገጥምልኛል። ሲያልቅ ሁሉም ይረሳል።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ። መኪናው ውስጥ፣ ግቢያችን

ከሮበሌ አሁን መመለሴ ነው። ዝናቡ ስለበረታ አልወረድኩም። ዝናቡ ቢያቆምም የምወርድ አይመስለኝም።

ሮበሌ ሲሊንደሩን ከኋላ አስሮ ጨርሶ ለማብሪያው ሽቦ ለማሳለፍ የሹፌሩን ወንበር ፈታ። እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። «ማዘር፣ ይሄ የምን ዕቃ ነው?» ብሎ ብቅ አለ።

በእጁ እንጨት ይዟል። የመወልወያዬ እንጨት ነው፤ ክንድ ተኩል ያህል ሆኖ ተቆርጧል። አንደኛው ጫፍ ላይ የጎማ ቁራጭ በአራት ሚስማር ተመትቷል። ሌላኛው ጫፍ፣ እጅ የሚይዘው፣ በፋሻ ተጠምጥሟል። ፋሻውን አወቅኩት። ከሆስፒታል ይዘን የወጣነው ነው፤ ጠረኑም አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሮበሌ ወንበሩን መልሶ ሲያስቀምጠው ገብቼ ተቀመጥኩና ጎማውን ጫፍ ፍሪሲዮኑ ላይ አሳረፍኩት። ልክ ነው። ተጫንኩት፣ ወረደ። በቀኝ እጄ ነው የተጫንኩት፣ እሱም ሌላ እጅ የለውም። ታዲያ ቀኝ እጁ እንጨቱ ላይ ከሆነ ማርሹን በምን ይቀይራል? መሪውንስ በምን ይይዛል? ቁጭ ብዬ የባሌን እጆች ቆጠርኩ። አልበቁትም። እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ እኔ በእግሬ ሱቅ ለሱቅ ስዞር፣ በዚህ ወንበር ተቀምጦ ደጋግሞ ሞክሮት፣ እጅ አጥሮት፣ እንጨቱን ከወንበሩ ሥር ደብቆ ወረደ ማለት ነው። ከዚያ ሃሩን ጋ ሄዶ ፍሪሲዮን የሌለው ፈልግልኝ አለው።

እኔ ደግሞ ማርሽ ያለው የለህም አልኩ። እሱ ፊት። እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ እያለ።

ሮበሌን «ሲሊንደሩን ፍታው» አልኩት። «ማዘር፣ ጨረስኩ እኮ።» «ፍታው።» አንዴ እንጨቱን፣ አንዴ እኔን አየና መፍቻውን አነሳ። ምንም አልጠየቀኝም፤ አላህ ይስጠው።

እዚህ ደብተር ላይ መንዳቱን ወድጄው አይደለም ብዬ ጽፌያለሁ፤ ገልጬ አየሁት። ዋሽቻለሁ። ወድጄዋለሁ። ከሱቅ ባንኮኒ ኋላ ሃያ ዓመት ስቆም የቅቤዋ ሹፌር ብሎ ገመድ ያወረደልኝ ማንም አልነበረም። እሱ «አውቶማቲክ» ሲል ውስጤ ሰምቶታል። ቢድን ወንበሩን ይወስድብኛል ብሎ የፈራ አንድ ነገር ውስጤ ነበር። ስለ ጭቃ፣ ስለ ሊብሬ፣ ስለ ሰልፍ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ግን ያ ሁሉ እውነት የተደረደረው ያንን ፍርሃት ለመሸፈን ነው። በታመመ ሰው ላይ! በኢስማኢል ላይ፣ ያውም የመንጃ ፈቃድ ፈተና የወደቅኩ ቀን «ፈታኙ ነው የወደቀው» ብሎ ያጽናናኝ ሰው ላይ።

መርዋ ጃንጥላ ይዛ መጣች። እንጨቱን እጄ ላይ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። «ሚስማሩን የመታሁለት እኔ ነኝ» አለች። «በአንድ እጁ መያዝም መምታትም አልቻለም። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት አለኝ።» እኔ እንጨት ሰበርሽ ብዬ የጮህኩባት ልጅ። አቅፌያት ሁለታችንም አለቀስን፤ ጃንጥላውም አላዳነንም።

ሐምሌ 18፣ አርብ

ገና ጋራዡ ሳይከፈት ሃሩን በር ላይ ደረስኩ።

«ሸጥከው?»

«ሰውየው ከሰዓት ይመጣል።»

«አይምጣ።»

ሃሩን ቁልፉን በሩ ላይ እንደያዘ ቆመ። «ወላሂ ልነግርሽ ነበር። አስማለኝ። 'እሷ አዝናልኝ እሺ እንድትል አልፈልግም' አለኝ። 'በሞተርነቱ ካላመነችበት ይቅር' አለ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይሄ ትልቅ ሰውዬ። እኔም ተቆጣሁት፦ «ሁለታችሁም ጅሎች ናችሁ። እኔ ደግሞ ሦስተኛችሁ።»

እንጨቱን በፊት ከነበረበት ቦታ፣ ከወንበሩ ሥር መለስኩት። እንዳየሁት ማወቅ የለበትም።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

154/94።

ቁርስ ላይ ጀመርኩ። ሌሊቱን ሳዘጋጀው ያደርኩት ነው።

«ኢስማ፣ ሀሳቤን ቀይሬያለሁ። አውቶማቲኩ ይሁን።»

ዳቦውን አስቀመጠ። «ምን ተገኘ?»

«ጉልበቴን አሞኛል። ፍሪሲዮኑ ሊገድለኝ ነው። ከቡታጅራ ስመለስ መውረድ ነው የሚያቅተኝ።»

«የቱን ጉልበትሽን?»

«ግራውን።»

ብዙ አየኝ። እኔም ዓይኔን አላነሳሁም፣ ሻዩን አማስላለሁ። ስኳር የሌለውን ሻይ።

«እኔንም ግራው ነው» አለ።

«እንግዲያው ለሁለታችንም ይሆናል።»

መርዋ ወደ ኩሽና ሮጠች። ኢስማኢል ዳቦውን አንስቶ መብላት ጀመረ፤ ከዚያ «ለጭቃው ችግር የለውም፤ ሃሩንን ጠይቄዋለሁ» አለ። ከዚያ ስለ ካምቢዮ ዘይት ነገረኝ። ከዚያ ስለ ማቀዝቀዣው። ሁለት ሳምንት ያልተናገረውን በአንድ ቁርስ ተናገረው። ቀዝቅዞ እንዳይቀር ሻዩን ሦስት ጊዜ ለወጥኩለት።

ሐምሌ 26

141/89። ሽማግሌው ሃሩን ጋ ነው፤ ልቡን አውጥተውታል። ኢስማኢል በየቀኑ ሄዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ በዱላው እያመለከተ ያዛል። ሃሩን ደውሎ «ይሄን ሰውዬ ውሰጂልኝ» አለኝ።

እኔ ቅቤ በሕዝብ ማመላለሻ። ሸተትሽ እየተባልኩ።

ነሐሴ 5

136/86። ለሞተሩ ቁጥር ቢሮ ሄድኩ። ሲስተም የለም። ነገ ነይ።

ነሐሴ 8

ሲስተም አለ። ኃላፊው የለም። እንዳልኩት የምመላለሰው እኔ ነኝ፤ ግን አሁን ለማንም አላማረርኩም።

ነሐሴ 12

134/85። ሊብሬው ተስተካከለ።

ዶክተር ጸደንያ ጋ ከኢስማኢል ጋር ደብተሩን ይዤ ቀረብኩ። ቁጥሮቹን ብቻ ታያለች ብዬ ነበር፤ ሐምሌ ሰባት ላይ ጣቷን አቁማ «ጨው?» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። መንዳት ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዓይኑን፣ አንገቱን፣ ቀልጠፍ ማለቱን አንድ ሰዓት ሙሉ ፈተነችው። «አስፋልት የለም፣ ቡታጅራ የለም። ባዶ ሜዳ፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ፣ ሩብ ሰዓት። ከሦስት ወር በኋላ እናያለን» አለች። ኢስማኢል እንደ ልጅ «ሩብ ሰዓት ሙሉ?» አላት።

ነሐሴ 18፣ እሁድ

133/84፣ ከመውጣታችን በፊት።

ለቡ፣ ከአዲሶቹ ሕንጻዎች ወዲያ፣ ለግንባታ የተደለደለ ሰፊ ሜዳ አለ። ዘበኛውን አስፈቅደን በማለዳ ገባን። ሽማግሌው ከጋራዥ የወጣው ዛሬ ስለሆነ እስከዚያ ሃሩን ነድቶ አመጣንና ወርዶ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ወደ እኛ ላለማየት ስልኩን የሚያይ መስሎ። መሪው ላይ የክሬን ሹፌሮች እንደሚይዙት ያለች ድቡልቡል መያዣ ገጥሞለታል።

ኢስማኢል ግራ እግሩን በቀኝ እጁ አንስቶ አስገባ፣ ቦታውን አስያዘው። ቀበቶውን አሰርኩለት። እኔ ዞሬ ጋቢና ገባሁ። ካለፈው ዓመት ሚያዝያ ወዲህ ጋቢና ስገባ የመጀመሪያዬ ነው፤ ዓለም ከዚያ በኩል ሌላ ይመስላል።

«ቢስሚላህ» ብሎ ማርሹን ወደ ታች ሳበና እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ። ሽማግሌው ያለ ምንም ንቅናቄ ሄደ። ቀስ ብሎ። ከዚያ ትንሽ ፈጠን ብሎ። ሜዳውን አንዴ ዞርን። ፊቱን አየሁት፤ የወጣትነቱ ፊት ነው፣ ቀያሾቹን ይዞ ቡታጅራ የቤተሰቦቼ ሱቅ በር ላይ መጀመሪያ ያቆመ ጊዜ የነበረው። እኔ ፈርቼ በቀኝ እግሬ ወለሉን እጫናለሁ። «ሙፊ፣ አንቺ ጋ ፍሬን የለም» አለኝ፣ ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሳ። ሁለተኛ ዞርን። ሦስተኛው ላይ አቆመ፣ ራሱ። ላብ በላብ ሆኗል። «በቃኝ» አለ። ሩብ ሰዓቱ አልሞላም፤ እኔም ሰዓት አላልኩም።

ወንበር ተቀያየርን። በእኔ በኩል ሲያልፍ ኮፈኑን ተደግፎ ቆመ፣ ግንባሬን ሳመኝ። ሃሩን እያየ! በሜዳ!

ሃሩን በታክሲ እመለሳለሁ ብሎ ተለየን። እኔ ተነሳሁ፤ ከሜዳው ወጥቼ ፒስታው ላይ ፍጥነት ጨመርኩ። ልክ ማርሽ የሚቀየርበት ፍጥነት ላይ ስደርስ ግራ እግሬ እንደ ልማዷ ተነስታ በሙሉ ኃይሏ ፍሪሲዮኑን ረገጠች። ፍሪሲዮን ግን የለም። የረገጠችው ፍሬኑን ነው። ሽማግሌው ባለበት ተተከለ፣ ሁለታችንም ወደ ፊት ተወርውረን ቀበቶው መለሰን፣ ከኋላ ያለው ጆንያ ተንከባሎ ወንበሬን መታ።

«ኢስማ! ተጎዳህ? ነካህ እንዴ?»

ወደ እሱ ዞርኩ። አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ቀና ሲያደርገው እየሳቀ ነው፤ ያ የራሱ ሳቅ፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያለበት፣ እንባው እየወረደ።

«ግራ እግርሽን አሳርፊው» አለኝ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ለሱ ደግሞ እኔ ላስተምርሽ። አሥራ ስድስት ወር ተለማምጄዋለሁ።»

አሳረፍኩት። እንደነገረኝ ተረከዜን ወደ ኋላ ስቤ፣ ከፔዳሎቹ አርቄ። ማርሽ የሚቀየር ስለሌለ ቀኝ እጄም ሥራ ፈታ፤ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ድረስ እጁን ያዝኩበት።